የኮርቻ ሚካኤል የውሃ በር

ባዘዘው ወሬ ይወድ ነበር። ይህን ገና ከመነሻው ተናግሮ መገላገል ይሻላል፤ የደረሰበት ሁሉ ከአፉ የመጣ ነውና። ክፉ ሰው አልነበረም። ሰካራም አልነበረም፤ ሰነፍም አልነበረም። እጁ የተባረከ ግንበኛ፣ ሚስቱን አክባሪ፣ ጾም የማይገድፍ ሰው ነበር። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ አንድ እንግዳ በኮርቻ ሚካኤል በር ብቅ ካለ መዶሻውን ያስቀምጥና እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ "ይህን ግንብ አየኸው?" ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ እንግዳው ምሳውን ይርሳ።

የሚያወራው ነገር ነበረው፤ ይህን ልንነፍገው አይገባም። ኮርቻ ሚካኤል ከሚዛን ተፈሪ ወደ ማጂ በሚወስደው አቅጣጫ፣ በበቅሎ ግማሽ ቀን ተሂዶ የሚደረስበት፣ ከጫካው በላይ መሐሉ በሰረጎደ ተረተር ላይ የቆመ ደብር ነው። መቼ እንደተሠራ ቁርጡን የሚያውቅ የለም። ካህናቱ ከግራኝ ዘመን በፊት ነው ይላሉ። የቤንች ሽማግሌዎች ደግሞ አያቶቻቸው ግንቡን እዚያው ቆሞ፣ ዛፍ በቅሎበት እንዳገኙት ይናገራሉ። ማንም ይሥራው ማን፣ የሠራው ሰው ጸሎቱን ብቻ አላሰበም። ጠላቱንም አስቧል።

ዙሪያውን ሰው ቢገባበት የማይታይ ጉድባ ተቆፍሮለታል። ከጉድባው ቀጥሎ የውጭው ቅጥር አለ፤ ጥቁር ድንጋይ በኖራ የተያያዘ፣ ውፍረቱ አምስት ክንድ። በሩ ቀጥ አድርጎ አያስገባም፤ ገባሁ ያለውን ሰው ፊት ለፊት ሌላ ግንብ ይቀበለውና ወደ ግራ ያጥፈዋል። "ጋሻ የሚያዘው በግራ እጅ ነው፤ አይደለም?" ይላል ባዘዘው፣ እንግዳውን በትከሻው ይዞ እያዞረ። "እንግዲህ በሩን አልፈህ በግራ ስትታጠፍ ለውስጠኛው ግንብ የምትሰጠው የትኛውን ጎንህን ነው? ቀኙን! ራቁቱን! ጋሻህማ ወዲያ ቀርቷል!" ከዚያም በውስጠኛው ቅጥር ላይ የተሰለፉትን፣ ከውስጥ ሰፍተው ወደ ውጭ የጠበቡትን የቀስት መስኮቶች እያሳየ ያልፋል። በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያኑ ይመጣል፤ መቅደሱ፣ ቅድስቱና ቅኔ ማኅሌቱ በአንድ ከባድ ጣሪያ ሥር፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ የመሥዋዕቱ ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤተልሔም።

የባዘዘው አባትም አያትም የዚህ ቅጥር ጠጋኞች ነበሩ። በዚያ አገር የግንብ ጠላት ጦር ሳይሆን ዝናብና የዛፍ ሥር ነው። ኅዳር ገብቶ ዝናቡ ጋብ ሲል ባዘዘው የብረት ዘንጉን ይዞ ግንቡን ክንድ በክንድ እያንኳኳ ይዞራል። ድምፁ ደረቅ ከሆነ ያልፋል፤ ኦና ከሆነ ያቆምና ድንጋዩን ያወጣል፣ የገባውን ሥር ይቆርጣል፣ መልሶ ይክበዋል። ይህ ዙር አሥራ አንድ ቀን ይወስድበታል። ሲጨርስ ሚስቱ የሺሃረግ፣ "ከእኔ ጎን ይልቅ የምታውቀው የግንቧን ነው" እያለች ታሾፍበታለች።

እንዲህ የሚያወራው ሰው የማያወራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እሱም የውሃ በር ነው። በቤተልሔሙ ወለል ላይ፣ ከሌሎቹ የማይለይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እሱ ሲነሳ በዓለቱ ውስጥ የተጠረበ ደረጃ ወደ ታች ይወርዳል፤ እየጠበበ፣ እየተጠማዘዘ ሄዶ በገደሉ ሥር፣ በፈርን ቅጠል ከተሸፈነ ምንጭ አጠገብ ይወጣል። ቅጥሩ በጠላት ሲከበብ ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱት በዚያ ነበር ይባላል። ካህናቱና በደብሩ ሥር የሚኖሩት ጥቂት ቤተሰቦች ያውቁታል፤ ለባዕድ መናገር ግን ነውር ነው። የባዘዘው ልጅ ዓለምሸት በሰባት ዓመቷ በዚያ ወርዳ ምንጩ ላይ ብቅ ብላ ልብስ የሚያጥቡትን ሴቶች ስላስደነገጠች እናቷ ገርፋታለች። ባዘዘውም የተቆጣ መስሎ ዞር ብሎ ስቋል። ያለችው ልጅ እሷ ብቻ ነበረች።

በ1969 ዓ.ም. ኅዳር ወር ከበላይ የተላኩ ሰዎች የደብሩን ንብረት ሊመዘግቡ መጡ። መሬቱ ከተወሰደ ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ የቡና መጋዘን ይሆናል የሚል ወሬ ነበር። የመጡት ሰዎች አለቃ ጓድ እንድርያስ የሚባል መነጽር ያደረገ፣ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ብርሃነመስቀል ንዋየ ቅድሳቱን አንድ በአንድ አስቆጠሩ።

ባዘዘው ጥግ ቆሞ ሲያይ አንድ ሐሳብ መጣለት። እነዚህ ሰዎች መጋዘን ሊያደርጉት የፈለጉት ምን እንደሆነ ስላላወቁ ነው፤ ቢያውቁ ኖሮ አይደፍሩትም አለ በልቡ። የተማረ ሰው ታሪክ ያከብራል ብሎ አመነ። ምስኪን!

"ጌታዬ" አለና ራሱን አረመ፣ "ጓድ፣ ይህን ግንብ አዩት?"

ጓድ እንድርያስ አየው። ከዚያም በላይ፣ ደብተሩን ገልጦ ጻፈ። በባዘዘው ዕድሜ አንድም ሰው እንዲህ አዳምጦት አያውቅም። የቅጥሩን ውፍረት ጠየቀው፤ ነገረው። የበሩን መታጠፊያ በእርምጃ ለካው። በቀስት መስኮቶቹ እየተጎነበሰ ወደ ውጭ ተመለከተና፣ "ብልሆች ነበሩ" አለ። የባዘዘው ልብ ቅቤ ጠጣ።

ሁሉን ዞረው ቤተልሔሙ ደጅ ሲደርሱ ሰውየው እርሳሱን አቆመ።

"አንድ ነገር ግን ረስተዋል፤ ውሃ። ይህን ሁሉ ገንብተው ውሃውን ከረሱት በሳምንት ውስጥ እጃቸውን ይሰጣሉ። ያን ያህልም ብልሆች አልነበሩም ማለት ነው።"

መምሬ ብርሃነመስቀል ከኋላ ሳል ሳሉ። ባዘዘው ሰምቷቸዋል፤ ለምን እንደሳሉም ገብቶታል። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች፣ ድንጋያቸውን ሲዳስስ የኖረው፣ እንደ አባቶቹ የሚያያቸው ሰዎች፣ በአንድ ባለመነጽር ፊት ዝንጉ ተባሉ። ይህን መሸከም አልቻለም።

"አልረሱም!" አለ። ገብቶም ድንጋዩን አነሳለት።

ጓድ እንድርያስ ወደ ጨለማው ደረጃ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ደብተሩን ዘግቶ አመሰገነው፤ እጁንም ጨበጠው። ባዘዘው ያን ቀን ወደ ቤቱ የገባው ደብሩን ያዳነ ሰው ሆኖ ነው።

በጥር ወር መኪኖች መጡ። ቡና አልጫኑም፤ የጫኑት የሽቦ ጥቅልና ሰው ነበር። ታቦቱ ወጥቶ ከተረተሩ በታች በሣር በተከደነ መቃኞ ውስጥ ተቀመጠ። ኮርቻ ሚካኤል እስር ቤት ሆነ። በደብተሩ የተጻፈው ሁሉ ሥራ ላይ ውሏል፤ በቀስት መስኮቶቹ ዘበኞች ቆሙባቸው፣ የበሩ መታጠፊያ መፈተሻ ሆነ። መምሬ ብርሃነመስቀል ለባዘዘው አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩትም። በመቃኞው ደጅ ሲያገኙት መስቀላቸውን ያሳልሙትና ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ይኸው ነው።

በመጋቢት ጓድ እንድርያስ ራሱ አስጠራው። ከጂማ የመጣ ሲሚንቶ አስወርዶ ጠበቀው፤ ሥራውንም በትሕትና ነገረው። የውሃ በሩ ይዘጋ። ከላይ አይደለም፣ ከታችም አይደለም፤ መሐል ላይ፣ ደረጃው በሚጠብበት አንገቱ ላይ። ከላይ ድንጋዩን ያነሳ ክፍት ይመስለዋል፤ ከታች በምንጩ በኩል የተመለከተም ክፍት ይመስለዋል። ግድግዳው ሥር ክረምት ደረጃውን የሚወርደው ውሃ የሚሾልክበት የእጅ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ትቀር።

"ይህን የምናውቀው እኔና እርስዎ ነን" አለው። "ሦስተኛ ሰው ካወቀ ማን እንደነገረው መጠየቅ አያስፈልገኝም።"

 ባዘዘው በፋኖስ ብርሃን ጎንበስ ብሎ ሁለት ቀን ሠራ። ሐሰተኛ ግንብ መሥራት ያውቅበታል፤ ፊቱን በሲሚንቶ ለስኖ ሆዱን በልቅ ጠጠር መሙላት ይችል ነበር፤ በጣት የሚወድቅ። ይህን አስቦታል። ጓድ እንድርያስ ግን ከደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ሲጋራውን እያጨሰ ያያል። ሆኖም ሁሉንም በሰውየው ማሳበብ ውሸት ይሆናል። እውነቱ የባዘዘው እጅ ክፉ ግንብ አለማወቁ ነው። ድንጋይ ሲያነሳ እጁ ራሱ ፊቱን ይመርጣል፤ ክፍተት ሲያይ ራሱ ሽብልቅ ይፈልጋል። "ሌቦችና ነፍሰ ገዳዮች ናቸው የሚታሰሩበት፤ እነዚህም አንድ ቀን ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ እኔው አፈርሰዋለሁ" እያለ ራሱን እያባበለ፣ በዕድሜው ከሠራው ሁሉ ያማረውን ግንብ ማንም በማያየው ቦታ ሠራ። ሲጨርስ በድጅኖ መታው፤ ድምፁ ደረቅ ነበር።

በሰኔ ዓለምሸት ተያዘች። ሚዛን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማር ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በደብተሯ ውስጥ አንድ የተባዛ ወረቀት ተገኘ ተባለ። እሷ የጻፈችው ይሁን ሌላ የሰጣት ማንም አልጠየቀም። አናርኪስት ተብላ፣ ከሌሎች ልጆች ጋር በመኪና ተጭና፣ ወዴት ተወሰደች ሲባል ወደ ኮርቻ።

የሺሃረግ በመጀመሪያው ሳምንት ቆማ መሄድ አቅቷት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ስንቅ አድርሳ ስትመለስ ፊቷ በርቷል። በሩን ዘግታ የባልዋን ክንድ ያዘች።

"የት እንዳስቀመጧት ታውቃለህ? ሴቶቹን ያኖሩት ቤተልሔም ውስጥ ነው! ከዘበኞቹ አንዱ፣ ሲሞን የሚባለው የሸኮ ልጅ ነው የነገረኝ። አየህ ሥራውን? ሚካኤል ራሱ እላዩ ላይ አስቀመጣት! እሷ እንደሆነች ደረጃውን ዓይኗን ጨፍና ትወርደዋለች። ተው አንተ ሰው፣ ደስ አይልህም?"

ባዘዘው ግን አልነገራትም።  ቢነግራት ጮኻ አገር ታሰማለች፤ አገር ከሰማ ጓድ እንድርያስ ይሰማል፤ እሱ ከሰማ ደግሞ መጀመሪያ የምትጠየቀው ቤተልሔም ውስጥ ያለችው ናት። ይህ እውነት ነው። ደግሞም ፈራት፤ ሚስቱን፣ ዓይኗን ፈራ። ይህም እውነት ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሺሃረግ በየቀኑ ወደ ምንጩ መውረድ ያዘች። ልብስ አጥቢ መስላ ቅርጫት ትይዛለች። ከእርጥቡ ልብስ ሥር አንድ ደረቅ ቀሚስ፣ አንድ ነጠላ፣ በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ታስቀምጣለች። ክረምቱ ከባድ ነበር፤ ጭጋጉ ከጫካው እየተነሳ ገደሉን ይሸፍነዋል። እሷ ግን ፈርኑን በእጇ ገለጥ እያደረገች ወደ ደረጃው አፍ ታያለች። ክፍት ነው። ውሃው ኩል ኩል እያለ ይወርዳል። ማታ ስትገባ፣ "ዛሬ አልሆነላትም" ትላለች። "ጎበዝ ናት፤ ቀን ትጠብቃለች።" ባዘዘው ምድጃው ላይ እንጨት ያስተካክላል።

ለልጁ መልእክት ሊያደርስ ያልሞከረው የለም። የቤተልሔሙን ጣሪያ ልጠግን ብሎ ለመነ፤ ሂድ ተባለ። ለሲሞን ሊነግረው ሦስት ጊዜ ከአፉ ደርሶ መለሰው፤ ልጁ ሩኅሩኅ ቢሆንም የጠመንጃው ባለቤት ሌላ ነው። በመጨረሻ አንድ ነገር ታየው። ሲሚንቶ የያዘው የጥቁር ድንጋይ ፍንካች ቀጥቅጦ በቆጮው መሐል ከተተ። የግንበኛ ልጅ ናት፤ ይህን ካየች ይገባታል አለ። ኖራ እንጂ ሲሚንቶ በኮርቻ ግንብ ላይ ኖሮ እንደማያውቅ ከእሷ የበለጠ የሰማ የለም። ስንቁን ያን ቀን እሱ ራሱ ይዞ ወጣ። ፈታሹ ቆጮውን በካራ ሰነጠቀው፤ ካራው ድንጋዩ ላይ ነጠረ።

"አባባ፣ ልጅዎን ድንጋይ ነው የሚያበሏት?" ብሎ ሳቀና ፍንካቹን ወደ ጉድባው ወረወረው። ባዘዘውም አብሮ ለመሳቅ ሞከረ።

በነሐሴ አጋማሽ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሳያባራ ከዘነበ በኋላ፣ ሲሞን በመንገድ ላይ ጠብቆ አገኘው። ግራ ቀኙን አየና ቶሎ ቶሎ ተናገረ። አማርኛው ሲቸኩል ይሰባበር ነበር።

"አምስት ሴቶች ናቸው፣ ጋሼ። በቤቱ ውስጥ መንገድ ነበረ፣ ከመሬት በታች። ገቡ። መሐል ላይ ግንብ አገኙ። በማንኪያ ፋቁት፤ ጥፍራቸው ሁሉ የለም። ውሃው በዝናቡ ሞላ፣ እስከ አንገታቸው። ጠዋት ስንቆጥር ጎደሉ፤ በገመድ አወጣናቸው። የእርስዎ ልጅ ፊት ነበረች። በሕይወት ናት፤ ማለቴ ያኔ በሕይወት ነበረች።"

"አሁንስ?" አለ ባዘዘው።

"ትናንት ረፋድ ላይ አምስቱንም ጫኗቸው፤ ወደ ጫካው። መኪናው ባዶውን ነው የተመለሰ።" ሲሞን ጠመንጃውን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። "ከአንድ ነገር በቀር ምንም አልተናገረችም። ስናወጣት እጇን ግንቡ ላይ አድርጋ ነበር። የአባቴ ነው አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አላወቅንም።"

ባዘዘው አመሰገነው። አዎን፣ አመሰገነው፤ ሌላ ቃል አልመጣለትም። ከዚያም ከመንገድ ወጥቶ ቡና ዛፎቹ መሐል ገባና ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ማልቀስ ፈለገ፤ እንባው እንኳን ከዳው። ተነስቶ የሄደው ብርድ አንቀጥቅጦት ነው።

በማግሥቱ የሺሃረግ ስንቅ ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ፣ "ከእንግዲህ አታምጪ" አሏት። በዚያ ዘመን ይህ ቃል ምን እንደሆነ የማያውቅ እናት አልነበረም። ጎረቤቶቿ ሲሰሙ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። እሷ ግን ከደጅ መለሰቻቸው።

"ምን ሆናችሁ? ለማን ነው የምታለቅሱት?" አለች። ባልዋን ወደ ጓዳ ስባ በጆሮው አንሾካሾከች። "አልገባቸውም! ልጄ አምልጣለች። እነሱ አጥተዋት ነው ስንቅ አታምጪ ያሉኝ። ደረጃው ውስጥ ተሸሽጋ መንገዱ ጭር እስኪል እየጠበቀች ነው። ዛሬ ነገ ትወጣለች።" ቅርጫቷንም አንስታ ወረደች።

በማግሥቱም ወረደች። በሦስተኛው ቀን ከልብሱ ጋር ቅባትና ማበጠሪያ ጨመረች። በሳምንቱ ከደረጃው አፍ ላይ ተደፍታ፣ "ዓለሜ፣ እኔ ነኝ፤ ሰው የለም፤ ውጪ" እያለች ስትጣራ የሰሙ ሴቶች፣ አእምሮዋን ነካት እያሉ ለባዘዘው ነገሩት። ዝናቡ አባራ፣ መስከረም ጠባ፤ እሷ አልተወችም። ምንም የማትበላው ሴትዮ በየቀኑ ለልጇ ትኩስ ቆጮ ትቋጥራለች፤ የትናንቱን ደግሞ ለወፎች ትበትናለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባዘዘው ተከትሏት ወረደ። ምንጩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ደረቁን ቀሚስ በጉልበቷ ላይ ዘርግታ ነበር። እርጥበት እንዳይነካው ይመስላል፣ እጥፋቱን በመዳፏ ትዳስሰዋለች። ሲያያት ፊት ለፊቷ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

"የሺ፣ አትጠብቂ" አለ። "ከላይ አትመጣም። መሐሉ ተዘግቷል። ግንብ አለበት።"

"ውሸት ነው። ክፍት ነው፤ በየቀኑ አየዋለሁ።"

"መሐሉን ነው። ከዚህ አይታይም። ልጆቹ እዚያ ደርሰው ነው የተያዙት። ሞታለች፣ የሺ። ነሐሴ ላይ ሞታለች።"

ቀሚሱን ማለስለሷን አላቆመችም። 

"ማን ዘጋው?" አለች።

 ባዘዘው እጆቹን አወጣና ፊቷ ዘረጋቸው። አየቻቸው። ጮኻ ደረቷን ትደቃለች፣ ወይም ድንጋይ አንስታ ትፈነክተኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ያንን ቢያገኝ ይወድ ነበር።

"መቼ?"

"በመጋቢት። ሁለት ቀን ነው የፈጀው፤ ዓርብና ቅዳሜ።"

የሺሃረግ ቀሚሱን አጣጠፈች። ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ነጠላውን ከላዩ አለበሰችው፤ ማበጠሪያውን ጎኑ ላይ ሸጎጠች።

"ቅዳሜ ዓለምሸት ከሚዛን መጥታ ነበር" አለች፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ። "ምሳውን እኔ ላድርስለት ብላ ተቀብላኝ የወጣችው እሷ ናት። ስትመለስ፣ አባባ እጁ ሁሉ ሲሚንቶ ሆኗል፤ ምን ትሠራለህ ብዬ ብጠይቀው ማድቤት አለኝ አለችኝ።"

ቅርጫቱን በራሷ ላይ አድርጋ አቀበቱን ወጣች። ባዘዘው ሊያግዛት ተነስቶ ነበር፤ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት አልፋው ሄደች።